ዲስኩ ዘይት እስኪጠጣ

ስሚኝማ ሀቢብቲ፣ ጎረቤታችን ዙሀራ ትናንት ረፋድ ላይ ምን እንደገጠማት ልንገርሽ። እዚሁ ሰፈራችን ቃሂራ መንገዱ መሀል ነዳጅ ትረግጣለች፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን ንቅንቅ አትልም። ከኋላ ያለው ሁሉ ጡሩምባውን ለቀቀባት። በመጨረሻ ሰዎች ገፍተው ወደ መካኒኩ ዘካሪያ ወርሻ አስገቡላት።

ካላወቅሻት፣ ባሏ ሳዑዲ ከገባ በኋላ መደወል ትቷል። ልጅም የላት። ጠዋት ከከተማው ወዲያ ማዶ ብሬቃ የሚሠሩ ሴቶችን ታደርሳለች፣ ማታ ትመልሳቸዋለች። መሀሉን ቤቷ ሬዲዮ ከፍታ ትተኛለች። አንደበቷ የሚፈታው መኪናው ውስጥ ብቻ ነው። አንድ ቀን ከቀረሁ ሌላ ሹፌር ይይዛሉ ብላ ስለምትፈራ አሟትም ትነዳለች።

ዘካሪያ የድሬዳዋ ልጅ ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮውን አውርዶ ፈታታውና ከሰል የመሰሉትን ዲስኮች አሳያት።

«ፍሪሲዮኑ ነዷል፣ ያ ኡኽቲ። አዲስ ዲስክ አለኝ።»

«ዛሬውኑ ግጠምልኛ።»

«መጀመሪያ ዘይት ውስጥ ተነክሮ መጠጣት አለበት። እሱ እስኪጠጣ የጫት ሰዓት ይደርሳል። ከቃምኩ ደግሞ ካምቢዮ አልነካም፤ ለነገ ነው።»

«ለምን?»

«አንዴ መርቅኜ ገጠምኩ፣ ስጨርስ አንድ እፍኝ ቡሎን ተረፈኝ። ሰውየው እስካሁን ይፈልገኛል።»

ዙሀራ አልሳቀችም። «በደረቁ ቢገባስ?»

«ይሄዳል። ማታም ሴቶችሽን ታመጫቸዋለሽ። ትንሽ ቆይቶ ግን ይቃጠላል፣ ሌላውንም ይዞ ይሞታል። ያን ጊዜ ኸላስ፣ መኪና የለሽም። አንቺ ወስኚ።»

ወንበር ሰጣት። ቁጭ ብላ ሆዷ የተከፈተውን መኪና አየች። ስልኳን አወጣች፣ መልሳ ከተተችው። ቤቷ ብትሄድ የሚጠብቃት የለም፣ ወርሻው ደግሞ ሊዘጋ ነው።

«በል ንከረው» አለችው።

ከዚያ ከሴቶቹ አንዷ ለሆነችው ለየሺሀረግ ድምፅ ላከች፦ «የሺዬ፣ መኪናው ተበላሽቷል። ዛሬ ማታም ነገ ጠዋትም አልመጣም። ሌላ ሰው ብትይዙም አልቀየምም።»

መልሱ እስኪመጣ እንዴት እንደቆየባት አትጠይቂኝ። ማታ እኛ ቤት መጥታ ደጋግማ ስላሰማችን በቃሌ ይዤዋለሁ፦

«እስከዚያ ደባብ ታክሲ ውስጥ እንጋፋለን። የፊቱን ወንበር ግን ለማንም እንዳትሰጪብኝ፤ ያንን የአማትሽን ወሬ ገና አልጨረስሽልኝም።»