ሁለተኛው ብልቃጥ

ዶክተር ፀሐይቱ ሁለቱን ብልቃጦች ለሸኪብ ስታስረክበው ቀስ ብላ አስረድታው ነበር። "ይኼ ትልቁ ከወንድምዎ ፊኛ የወጣው ዕጢ ነው። ትንሹ ደግሞ ከዕጢው ሥር የተቆረጠ ሥጋ። ካንሰሩ የፊኛውን ጡንቻ ነክቶ እንደሆነ የሚነግረን ትንሹ ነው፤ ከነካ ፊኛው ቶሎ መውጣት አለበት። ሁለቱንም ዛሬውኑ ላቦራቶሪ ያድርሱልኝ።"

ከዚህ ሁሉ ሸኪብ ጆሮ ውስጥ የቀረው "ሥጋ" የሚለው ነው። አቃቂ በሰቃ ጎማ ሲሸጥ ሃያ ዓመት ሆኖታል፤ ልጅ ሆኖ ወሎ ግን አባቱ በማጭድ የተቆረጠች ጣቱን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ሲቀብር አይቷል። የሙስሊም ሥጋ አፈር ይለብሳል እንጂ በሚኒባስ ተንገላቶ ሄዶ ቆሻሻ ላይ አይጣልም። ላቦራቶሪውስ ስግብግብ ካልሆነ አንድ ብልቃጥ መች አነሰው? ትልቁን አደረሰ። ትንሹን የሰፈሩ መቃብር አጥር ሥር ዱዓ አድርጎ ቀበረው። ያን ቀን ቀለል ብሎት ዋለ።

ውጤቱ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ሴሎቹ ክፉ ዓይነት ናቸው፤ ናሙናው ውስጥ ጡንቻ ስላልተገኘ ጥልቀቱን መናገር አይቻልም ይላል።

"ሁለተኛውስ?" አለች ዶክተሯ።

"አድርሻለሁ" አለ ሸኪብ። "ጥለውት ይሆናል።"

በዚህ አገር ቢሮ ገብቶ ጠፋ ሲባል የሚጠራጠር የለም። አመነችው። "እንግዲያው ደግመን መቁረጥ አለብን።"

ታማሚው ወንድሙ ሙሀመድአወል ሱሪውን ያዝ አደረገ። "ዶክተር፣ በዚያ መንገድ ሁለተኛ ብረት አያልፍም። ወንድም ጋሼ አድርሶላችኋል፤ ካልተገኘ የለም ማለት ነው።" በሳምንቱ አይሱዙውን አስነስቶ ሥራ ገባ።

እሱን እሺ ማሰኘት የሚችል አንድ ሰው ቢኖር ሸኪብ ነበር። እሺ ለማሰኘት ግን እውነቱን ማውጣት ሊኖርበት ነው። ስምንት ወር ዝም አለ።

በስምንተኛው ወር የሙሀመድአወል እግር አበጠ፣ ወገቡ አላስተኛው አለ። ካንሰሩ ጡንቻውን አልፎ አጥንት ገብቷል። "አሁን ፊኛውን ማውጣት አይጠቅመውም" አለች ዶክተሯ።

ያን ዕለት ከሰዓት፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ የወንድሙ ሚስት ሞሚና ኩሽና ሳለች፣ ሸኪብ በወንድሙ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ነገረው።

"ቀበርከው?" አለ ሙሀመድአወል።

"ቀበርኩት።"

"ሰው ጠርተህ?"

"ብቻዬን።"

"ጎበዝ። የራሴን ቀብር ሳትጠራኝ ጀመርከው።" ሳቀ። ሳቁ ወገቡን ሲይዘው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ግን መንቀጥቀጡን አላቆመም። ሸኪብ ሊነካው ፈለገ፣ እጁ እምቢ አለው።

"አፉ በለኝ፣ ሙሀመድ።"

"ለሞሚና ካልነገርካት አፉ እልሃለሁ።"

"እንዴት አድርጌ ፊቷን አያለሁ?"

"ትችላለህ። ከሰማች ደጅህን አትረግጥም። ልጄ ኢሽራቅ ገና አምስት ዓመቷ ነው፤ ከአንተ ሌላ ማን አላት? ላቦራቶሪው ጣለው፣ አለቀ።"

ሞሚና ሾርባ ይዛ ገባች። ባሏ የተኛ መስሏት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ጋሼ ሸኪብ፣ ከጠዋት ጀምሮ አልቀመሱም። እርስዎ ባይሯሯጡልን ምን ይውጠን ነበር? ያቺን ሥጋ የጣለውን ሰው አላህ ይፍረድበት።"

ሸኪብ ሳህኑን በሁለት እጁ ተቀበላት።

"አሚን" አለ።