ቀይ ቀለም

ባልከፍተው ምናለ፣ ግን ፖስታ መክፈት ሥራዬ ነው፣ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ብርሃነ መስቀል የመጣውን ይከፍታል፣ ቁጥር ይሰጣል፣ ለአለቃው ያቀርባል፣ ዛሬ ከአዲስ አበባ የመጣው ደግሞ እኔው ጽፌ የላክሁት ክስ ነው። ስሜን አልጻፍኩበትም። ምን ዋጋ አለው፣ ለበላይ በጭረት አይጻፍም ብዬ አንኮበር የኔታ ባስተማሩኝ ቁም ጽሕፈት አሳምሬ፣ ግርማዊነታቸው የሚለውንም እንደ ብራና መጽሐፍ በቀይ፣ በዚህ መሥሪያ ቤት እንዲህ የሚጽፍ አንድ ሰው ነው፣ እሱም ቂል ነው።

ኅዳጉ ላይ አንድ መስመር ጨምረውበታል፣ ለባላምባራስ ዘርአ ዳዊት፣ አጣርተው መልስ ይስጡበት። ተከሳሹ አለቃዬ ባላምባራስ። አጣሪውም ባላምባራስ። የእማማ ወለተሐናን የርስት ፍርድ ከመዝገቡ ነቅለው ካፖርታቸው ኪስ ሲከቱ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ርስቱን አሁን የሚያርሰው የወንድማቸው በሬ መሆኑን ከተማው ሁሉ ያውቃል፣ እኔ ብቻ ነኝ ማወቄን የጻፍኩት።

ኪሴ ልክተተው? ማን ያያል፣ ኪስ፣ ያው ኪስ፣ ወረቀት በኪሱ ያስቀራል ብዬ ሰው ከስሼ፣ አይ። ቁጥር፣ ቀን፣ ማኅተም፣ ተነሥ።

በረንዳው ላይ እማማ ወለተሐና፣ በዚህ ብርድ፣ ከመዘዞ መጥተው፣ ልጄ ዛሬስ ምን ተባለ? ነገ ይመለሱ እማማ። ባለፈውም ነገ ብለኸኝ፣ የእናንተ ነገ ስንት ቀን ነው? ይስቃሉ ደግሞ፣ በነጠላቸው አፋቸውን ከልለው፣ እንዲህ ሲመላለሱ አራት ዓመታቸው ነው።

ባላምባራስ ያነባሉ። መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና ያነባሉ። ይቆጡኛል፣ በቁጣው ውስጥ አንድ ነገር እናገራለሁ ብዬ ነበር፣ አይቆጡም። ቁጭ በል ልጄ፣ መልሱን እንጻፍ። ደመቀች እንዴት ናት፣ ወሯ ገባ አይደል? ገብቷል ጌታዬ። እግዜር በሰላም ይገላግላት፣ በል ጻፍ፣ የቀረበው ክስ ቢጣራ ፍጹም ሐሰት ሆኖ ተገኝቷል፣ የተባለው ፍርድም በመዝገብ ቤታችን የለም።

የለም ማለቱስ እውነት ነው። እምቢ በል፣ አሁን፣ አሁን ብዕሩን አስቀምጥ፣ ሚስቴ ወሯ ገብቷል፣ እጄ ግን ሦስተኛው መስመር ላይ ደርሷል።

ግርማዊነታቸው የሚለውን በቀይ አድርገው እንጂ፣ እንደ ለመድከው፣ ይላሉ፣ ጠርሙሱን ወደ እኔ እየገፉ። እነክራለሁ። ፊደሉ ያምራል፣ በክሱ ላይ ከጻፍኩት ይልቅ ያምራል።