ሁለት በር ያለው ክፍል

ፌርንን አርባ ደቂቃ ሙሉ ብቻዋን ተውናት።

ሌላ ቦታ ቢሆን ይህ ወሬም አይወጣው። ልጅቱ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፣ አይብ በዳቦ ይዛለች፣ ክፍሉ ንጹሕ ነው። ለዩኒቨርሲቲ በሚያዘጋጀው ኮሌጃችን ውስጥ ግን፣ ያውም በሰኔ፣ ያውም በመልቀቂያ ፈተና ሰሞን፣ አንዲት ተማሪ አርባ ደቂቃ ብቻዋን ቀረች ማለት ዩኒቨርሲቲዋ አደጋ ላይ ወደቀ ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፌርን የመረጠቻቸው ሁለት ትምህርቶች፣ ፊዚክስና ጂኦግራፊ፣ ፈተናቸው በአንድ ቀን፣ በአንድ ጠዋት ዋለ። ፈተናውን የሚያወጣው ድርጅት ለንደን ተቀምጦ ፕሮግራም ሲደለድል እኛ ባለንበት ዮርክሺር ውስጥ አንድ ሰው ሁለቱንም ይወዳል ብሎ አላሰበም። ስለዚህ ፊዚክሱን ጠዋት ከሌሎቹ ጋር ትፈተናለች፤ ጂኦግራፊው ለብቻዋ ወደ ከሰዓት ይገፋላታል። ችግሩ የጂኦግራፊ ተማሪዎች ጠዋት ጨርሰው ወጥተዋል፤ ግቢው ውስጥ ቆመው ሦስተኛውን ጥያቄ ስለ ጎርፍ ነው ስለ ድርቅ ነው እያሉ ይጯጯሃሉ። ስለዚህ ፌርን ፊዚክሱን ካስረከበች ጀምሮ ጂኦግራፊው እስኪሰጣት ድረስ የሰው ዓይን ሊለያት አይገባም። ስልኳ ፖስታ ውስጥ ይታሸጋል። መጸዳጃ ቤት እንኳ ታጅባ ነው የምትሄደው። ዓይን ከተለያት ድርጅቱ ወረቀቷን ሊሰርዘው ይችላል። ያለ ጂኦግራፊው ውጤት ደግሞ ደርሃም ዩኒቨርሲቲ አይቀበላትም፤ በደብዳቤ ቁርጡን ነግሯታል።

እኔ ጆስሊን እባላለሁ፤ የፈተና ክፍሉ ረዳት ነኝ። ዲግሪዬን ከያዝኩ ሁለት ዓመቴ፣ እዚህ ከገባሁ ስምንት ወሬ ነው፤ ኮንትራቴ በሐምሌ ያልቃል። አለቃዬ ጁዲት ሃያ ሁለት ዓመት ፈተና አስተባብራለች፤ በእነዚያ ዓመታት ያጠፋችው አንድ ስቴፕለር ብቻ ነው፣ እሱንም እስካሁን ትፈልገዋለች።

ፈታኞቻችን ሁሉም ጡረተኞች ናቸው። ደህና ሰዎች ናቸው፤ ሆኖም ሕግ ከሰጠሃቸው ከነነፍሳቸው ይገቡበታል። ሚስተር ትሪኬት ሠላሳ አራት ዓመት ባቡር ላይ ትኬት ሲቆርጡ የኖሩ ናቸው፤ ፈረቃቸው ስድስት ተኩል ላይ ያልቃል ከተባለ ስድስት ተኩል ከአንድ ደቂቃ ላይ ክፍሉ ቢቃጠል እንኳ የሌላ ሰው እሳት ነው። ሚስስ ኦልድሮይድ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ከከተማው ቤተ መጻሕፍት ነው ጡረታ የወጡት። ለዚህ ሥራ ብለው ድምፅ የሌለው ጫማ ገዝተዋል። በዚህ ጫማ ከኋላህ ሲመጡ አይሰማህም፤ በሁለተኛው ቀን አንድ ልጅ ዞር ሲል አጠገቡ አግኝቷቸው እስኪርቢቶውን ጣለ።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት ልምጣ። ባለፈው ሳምንት ሚስስ ኦልድሮይድ የአሥራ አራት ቁጥር ክፍልን በር መሀል ፈተና ላይ ከፍተው በሹክሹክታ፣ ግን ሁሉም በሚሰማው ሹክሹክታ፣ «የሎሚ ኬክ ላምጣልሽ?» ብለው ውስጥ የነበርኩትን እኔን ጠየቁኝ። ሃያ ስድስት ራስ ቀና አለ። ኮሪደር ላይ አውጥቼ ተቆጣኋቸው። በዚያው ቀን ደግሞ አንድ ተማሪ ከውስጥ በሩን በርግዶ ወጣ። ተናደድኩና በቀይ ቀለም፣ በትልልቁ፣ «ፈተና ላይ ነን፤ ማንም ሰው ይህን በር እንዳይከፍት» ብዬ ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩ። በውጭም በውስጥም።

ጁዲት መነጽሯን አውርዳ አየችው። «‹ማንም› አይበዛም?»

«በልኩ ነው» አልኳት።

እንግዲህ ያን ቀን ሰባት ሰዓት ከአሥር ላይ ፌርንን ወደ ፈተና አዳራሽ ልወስዳት ወደ አሥራ አራት ቁጥር መጣሁ። ሚስስ ኦልድሮይድ ኮሪደር ላይ ወንበር አውጥተው በሩ ሥር ቁጭ ብለዋል፤ ጭናቸው ላይ ፔርሙስና የመስቀለኛ ቃላት መጽሐፍ።

«ሚስስ ኦልድሮይድ፣ ለምን ውስጥ አልገቡም?»

በጣታቸው ማስታወቂያውን አሳዩኝ። «ማንም ይላል የኔ እናት። ስድስት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ነው የመጣሁት። ሚስተር ትሪኬት ሲጨርሱ እስኪወጡ እየጠበቅኩ ነው።»

«ሚስተር ትሪኬት ምግብ አዳራሽ ውስጥ የሥጋ ፓይ እየበሉ ነው! አሁን አይቻቸው መጣሁ።»

«በዚህ በር አልወጡም» አሉ በሙሉ እርግጠኝነት።

በሩን ከፈትኩት። ፌርን መሀል ክፍሉ ላይ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች፣ ፊት ለፊቷ ባዶ የምሳ ዕቃ። የታሸገው ስልኳ የአስተማሪው ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ነው። ሌላ ሰው የለም።

«ሚስተር ትሪኬት የት ሄዱ?»

ፌርን ወደ ኋለኛው በር፣ ወደ መጻሕፍት መጋዘኑ፣ በአገጯ ጠቆመች።

«መቼ?»

«ስድስት ተኩል ላይ።»

«እና አርባ ደቂቃ ሙሉ ለምን ሰው አልጠራሽም?»

«ጠዋት ‹እስክነግርሽ ድረስ ከማንም ጋር አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ› ብለሽኛል። የሚመለሱ መስሎኝ ነበር።» ትንሽ አሰብ አደረገች። «ደግሞ እውነቱን ንገሪኝ ካልሽ ደስ ብሎኝ ነበር። ሚስተር ትሪኬት ሲያላምጡ ይሰማል።»

ወዲያው ግን ፊቷ ተለወጠ። «ጆስሊን፣ ወረቀቴን ይሰርዙታል እንዴ?»

እኔም አላውቅማ። ሚስስ ኦልድሮይድን አጠገቧ አስቀመጥኩና ወደ ምግብ አዳራሽ ሮጥኩ።

ሚስተር ትሪኬት አፋቸውን በመሐረብ ጠርገው አስረዱኝ። «ስድስት ተኩል ላይ ፈረቃዬ አለቀ። ተተኪዬ መድረሳቸውን በበሩ መስታወት አየሁ፤ ኮፍያቸው ይታያል። በሩን እንዳትከፍት ተብሎ በቀይ ተጽፏል። በኋለኛው ወጣሁ፣ ቆለፍኩት፣ ቁልፉን የጁዲት ሳጥን ውስጥ አስገባሁ፣ ሰዓቱን ፈረምኩ።»

«ሚስስ ኦልድሮይድ ውስጥ ሳይገቡ?»

«እኔ ከወጣሁ በኋላ ይገባሉ ብዬ ነዋ። ሁለታችን በአንድ ጊዜ ብንንቀሳቀስ ልጅቷ ትረበሻለች።»

አሳቢነታቸው አናደደኝ። ከዚያ በላይ ያናደደኝ አንድም ሰው ሕግ አለመጣሱ ነበር። ሁሉም ያደረጉት እኔ የጻፍኩትን ነው።

ጁዲት ሰምታኝ ስትጨርስ ሰዓቷን አየች። ሰባት ሰዓት ከአሥራ ስምንት። ስልኩን አነሳች።

«ቆይ» አልኳት። «ማንም አላወቀም እኮ። ሁለት ደቂቃ ነበር ብንልስ?»

በመነጽሯ ላይ አሻግራ አየችኝ። የፈተና ድርጅቱን ቁጥር መታች። እስኪያነሱልን ስምንት ደቂቃ ዋሽንት የሚመስል ሙዚቃ ሰማን። መጨረሻ ላይ አንዲት ሴት ተገኘች፤ ጁዲት አንድም ቃል ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረቻት።

ሴትዮዋ ያለችው ይህ ነው። ተማሪዋ በሰዓቷ ትፈተን። ወረቀቷ ይታረማል ወይስ አይታረምም የሚለው ግን የሚወሰነው እስከ አሥር ሰዓት ድረስ በሚደርሳቸው ጽሑፍ ነው። የሁለቱን ፈታኞች ቃል ትፈልጋለች፤ ማስታወቂያውን የለጠፈውን ሰው ቃል ትፈልጋለች፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከፈተና ክፍሉ ሠራተኞች ውጭ የሆነ ሰው፣ ወደዚያ ክፍል ማንም አለመግባቱን የሚመሰክር።

«ኮሪደር ላይ ማን ይኖራል በምሳ ሰዓት?» አልኩ ስልኩ ሲዘጋ።

ፌርንን ፈተና አዳራሽ አስገባናት።  ከዚያ ሚስስ ኦልድሮይድን ቢሮ አስገብተን ቃላቸውን እንዲጽፉ ወረቀት ሰጠናቸው። የቤተ መጻሕፍት ሰው ናቸው፤ ከርዕስ ጀመሩ።

«በዚያ አርባ ደቂቃ ወደ በሩ የመጣ ሰው ነበር?» ጁዲት ጠየቀቻቸው።

«አንድ ነበር። መለስኩት።»

«ማንን?»

«ዶክተር ሃላምን።»

ዶክተር ሃላም ርዕሰ መምህራችን ናቸው።

«ርዕሰ መምህሩን መለሷቸው?» አልኩ።

«ከሦስት የኮሌጁ ቦርድ ባለአደራዎች ጋር። አዲሶቹን መስኮቶች ሊያሳዩአቸው ነበር። ‹አንድ ደቂቃ ብቻ ሚስስ ኦልድሮይድ› አሉኝ። ‹ማንም ነው የሚለው ዶክተር› አልኳቸው።» ከፔርሙሳቸው ቀዱ። «እጀታውን ይዘው ነበር። ስነግራቸው ለቀቁት። ስድስት ሰዓት ከሃምሳ ነበር፤ ግድግዳው ላይ ሰዓት አለ።»

ጁዲት ከወንበሯ ስትነሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትቸኩል አየኋት።

ዶክተር ሃላም ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ቢሯችን መጡ። ክራባታቸው ላይ ትንንሽ ዳክዬዎች ተሰልፈዋል። ቀና ሰው ናቸው፤ ግን ሰኞ ዕለት ለመላው ሠራተኛ ኢሜይል ልከው ነበር፦ በፈተና ወቅት ማንም የሥራ ኃላፊ ወደ ፈተና ክፍሎች እንዳይጠጋ። ሦስት ቦታ አስምረውበታል።

«እርግጥ ልጅቷን መርዳት አለብን» አሉ። «‹በአጠገቡ አለፍኩ፣ ጸጥታ መኖሩን አስተዋልኩ› ብዬ ብጽፍስ?»

«አላለፉም፤ ተመለሱ» አለች ጁዲት።

«ያው ነው እኮ።»

«አይደለም። ያለፈ ሰው በሩን አይነካም። የሚጠቅመን ለመግባት ሞክረው መከልከልዎ ነው።»

«ጁዲት፣ እንግዶቼ ፊት ነው የሆነው። ወረቀት ላይ ሲሰፍር ደግሞ...»

«እኔም እጀታውን ይዘው ነበር ብዬ ጽፌያለሁ» አሉ ሚስስ ኦልድሮይድ ከጥግ ሆነው፣ ቀና ሳይሉ። «ላጥፋው?»

 ሰዓቱ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነበር። ዶክተሩ የእስኪርቢቶውን ክዳን ይከፍታሉ ይዘጋሉ።

የእኔ ወረቀትም ፊቴ ላይ እንደተቀመጠ ነው፣ ባዶውን። ኮንትራቴ በሐምሌ ያልቃል ብያለሁ። ቋሚ ቅጥር የሚፈርመው ማን እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነው፤ አሁን እስኪርቢቶ ይዞ ከፊቴ የተቀመጠው ሰው። ‹ማስታወቂያው ግልጽነት ይጎድለው ነበር› የምትል አረፍተ ነገር ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ጭንቅላቴ ውስጥ እያሳመርኩ ነበር። ማን እንደጻፈው የማትናገር ጥሩ አረፍተ ነገር ነበረች።

ከዚያ ፌርን በአገጯ ስትጠቁም ትዝ አለኝ። ብስጭት አለኝና ጻፍኩ። «ማስታወቂያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በሁለቱም በኩል የለጠፍኩትም እኔ ነኝ። አለቃዬ ‹ማንም› የሚለው ቃል ይበዛል ብላኝ አልሰማኋትም። ሚስስ ኦልድሮይድ በሩን ያልከፈቱት ባለፈው ሳምንት ስለከፈቱ ስለተቆጣኋቸው ነው። ተማሪዋን እንዳትናገር ያዘዝኳትም እኔ ነኝ።» ፈረምኩና ወረቀቱን ዶክተሩ ፊት ገፋሁት።

አነበቡት። ሁለተኛ አነበቡት። «ሁሉንም ያደረግሽው አንቺ ነሽ እኮ።»

«የቀረውን ለእርስዎ ትቼዋለሁ» አልኳቸው።

ሚስስ ኦልድሮይድ ሳቃቸውን በሻይ አፈኑት። ዶክተር ሃላም ግን ወንበር ስበው ጻፉ። ጮክ ብለው እያነበቡ ነው የጻፉት፣ ምናልባት እንዳይሸሹት። «ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ፣ እኔው ያወጣሁትን መመሪያ ጥሼ፣ የአሥራ አራት ቁጥርን በር ልከፍት እጀታውን ያዝኩ። ሚስስ ኦልድሮይድ ከለከሉኝ። ብለምናቸውም አላስገቡኝም። እኔን ካላስገቡ ሌላ ሰው አስገብተዋል ብዬ ማሰብ አልችልም። በመስታወቱ ያየሁት ተማሪዋን ብቻ ነው፤ ዳቦ ትበላ ነበር።»

«ለመኗቸው?» አለች ጁዲት።

«ሁለቴ» አሉ ሚስስ ኦልድሮይድ።

«ሁለቴ» ብለው ጨመሩበት ዶክተሩ።

ሚስተር ትሪኬት ቃላቸውን ከነደቂቃው አስቀድመው አስረክበው ነበር። አራቱንም ስካን አድርጌ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ላይ ላክሁ። ዶክተር ሃላም ይሄዳሉ ብዬ ነበር፤ አልሄዱም። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የመቀመጫ ዝርዝር፣ የሁለት መቶ ሰው ስም፣ ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ሲጨርሱ እንደገና ጀመሩ። ሚስስ ኦልድሮይድ አንድ ኩባያ ሻይ በፔርሙስ ክዳን ሰጧቸው፤ ተቀበሉ።

አሥር ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ ሲቀረው መልሱ ገባ። ጁዲት ጮክ ብላ አነበበችው። «የተማሪዋ ወረቀት እንደ ማንኛውም ወረቀት ይታረማል። በሩ ላይ የነበሩት ፈታኝ ላሳዩት ጽናት ድርጅቱ ምስጋናውን ያቀርባል። ኮሌጁ የማስታወቂያዎቹን አጻጻፍ እንዲያሻሽል እናሳስባለን።»

«ጽናት» አሉ ሚስስ ኦልድሮይድ። «ሰባት ፊደል ቢሆን ኖሮ ለመስቀለኛ ቃላቴ አሥራ ሁለት ቁጥር ይሆነኝ ነበር።»

አምስት ደቂቃ ቆይቶ ፌርን ከአዳራሽ ወጣችና ቢሯችን በር ላይ ቆመች፣ ስልኳ ገና በታሸገው ፖስታ ውስጥ። ጠየቀችኝ ማለት አይቻልም፤ አየችኝ ብቻ።

«ይታረማል» አልኳት። «አሁን መናገር ትችያለሽ።»

 ፖስታውን ቀዳ ስልኳን አወጣችና ለእናቷ እየደወለች ሄደች። ኮሪደሩ ላይ «ፀጥታ» ይላል፤ እየጮኸች ነበር። ማንም አልተቆጣትም።

ዶክተር ሃላም የፔርሙሱን ክዳን አመስግነው መለሱ፤ ክራባታቸውን አስተካከሉ። «ጆስሊን፣ ያን ማስታወቂያ አንሺው» አሉኝ።

«አንስቼዋለሁ።»

«ስለ ሐምሌ ደግሞ ሰኞ እንነጋገር።» ከዚያ ወደ በሩ ሄዱ። እጀታውን ሊይዙ ሲሉ ቆም ብለው ወደ ሚስስ ኦልድሮይድ ዞሩ።

«ይቻላል ዶክተር» አሏቸው።

ወጡ፤ በሩንም ከኋላቸው ቀስ አድርገው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ዘጉት።