ቀላሉ አረር

ደንበኞቻችን አባቴን «ሚዛን» ይሉታል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለተኩስ ክለብ እርሳስ እያቀለጠ የጥይት አረር ሲሠራ፣ እያንዳንዱን አረር ዓይኑን ጨፍኖ በመዳፉ ሳይመዝን ልኮ አያውቅም። ውስጡ አየር የያዘ አረር ከእጁ አያልፍም ነበር። የገዛሁለትን የኤሌክትሪክ ሚዛን የሽንኩርት መመዘኛ አደረገው፤ ግትር ነው፣ እኔም የወጣሁት ከሱ ነው።

ከስድስት ወር በፊት ሐኪሙ ደሙ ውስጥ ብዙ እርሳስ አገኘ። «ጣቶችዎ የደነዘዙት በሱ ነው» አለው። «ከእርሳስ ከራቁ ስሜቱ ሊመለስ ይችላል። በስድስት ወር ካልተመለሰ ግን ተስፋ ባናደርግ ይሻላል።»

እኔም እርሳሱን ጠራርጌ አስወጣሁና አሉሚኒየም የተቀላቀለበት ዚንክ አመጣሁ። ክለቡም ቀለል ያለ አረር እንሞክር ብሎ ስለነበር ተስማማ። አባዬ ሦስት ቀን አኮረፈኝ። በአራተኛው ቀን ሽርጡን አስሮ ማቅለጫው ፊት ቆመ። ዚንክ ደግሞ አመለኛ ነው፤ የሚፈስበት ቅርጽ በደንብ ካልጋለለት እየተጨማደደ ይወጣል። ግማሹን መልሰን አቀለጥነው።

«ይሄ ምኑም አይሰማኝም» አለኝ የመጀመሪያውን መዝኖ። «ላባ ነው።»

«ዚንክ እኮ ነው አባዬ።»

«እጄማ ደህና ነው። ዕቃው ነው የቀለለው።»

አመንኩት። ማመን ስለሚቀል ይሆናል። ስድስት ወር ሙሉ እሱ «ላባ» ሲል እኔ «ዚንክ ነዋ» እያልኩ ኖርን።

ዛሬ ጠዋት ክለቡ የተረፈውን የድሮ እርሳስ አረር በካርቶን መለሰልን። ጠረጴዛው ላይ፣ ከዚንኩ አጠገብ አስቀመጥኩትና ጓንቴን ልፈልግ ዞር አልኩ። ስመለስ አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ እየመዘነ ነው። እጁ የገባው ግን የእርሳሱ ካርቶን ውስጥ ነበር። ልጮህ አፌን ከፈትኩ።

«ላባ» አለና ወደ ጎን አኖረው። ሁለተኛውን አነሳ። «ይሄም ላባ።»

አፌን ገጠምኩ። አለቅሳለሁ ብዬ ጠበቅሁ፣ እንባ የሚባል አልመጣም። ደረቴ ውስጥ ምንም አልነበረም፤ የታየኝ ሽርጡ መታጠብ እንዳለበት ብቻ ነው። ካርቶኑን ቀስ ብዬ ከጠረጴዛው ሥር ሸሸግሁት። ያነሳው ሦስተኛ አረር ግን መዳፉ ላይ ቀረ።

«እርሳስ ቢሆን እኮ ገና ስነካው ነበር የማውቀው» አለኝ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«እሱማ ምን ጥያቄ አለው» አልኩትና አረሩን ከመዳፉ አነሳሁት።

ማንሳቴን አላወቀም። ባዶ እጁን ዘርግቶ መመዘኑን ቀጠለ።