የተጠቀለለው ድንጋይ

ሴት ዋሻ ከገባች ማዕድኑ ይሸሻል ይላሉ የእኛ ወንዶች። ከመሬት በታች ያለውን ሁሉ የሚገዛው ቲዮ የሴት ኮቴ ሲሰማ ይቆጣል፤ ሲቆጣ ደግሞ ወይ የማዕድኑን ሥር ይደብቃል፣ ወይ ጣራውን ይለቀዋል። ይህን እየሰማሁ ነው ያደግሁት። አባቴ ዋሻ ውስጥ የሞተ ጊዜ እንኳ እናቴ ሬሳው እስኪወጣላት ከደጅ ቆማ ነው የጠበቀችው። ታዲያ እኔ ካሲሚራ ኮልኬ፣ በሠላሳ አራት ዓመቴ፣ ያውም በነሐሴ፣ ምድር ተርባ አፏን በምትከፍትበት ወር ምን አስገባሽ ብትሉኝ፣ ያስገባኝ አንድ ሽማግሌ ነው።

የሴቶቹ ሥራ ከደጅ ነው። ወንዶቹ አውጥተው የጣሉትን የድንጋይ ክምር በመዶሻ እየፈለጥን ቆርቆሮ ያለበትን እንለቅማለን። በዚያ ሰሞን በረዶው ሲቀልጥ ክምሩ ከግርጌው ተናደና አንድ ጠባብ ቀዳዳ ታየ። የድሮ ዋሻ አፍ ነበር፤ አባቴ ከሞተበት ወዲህ ማንም ያልገባበት። እጄን እስከ ትከሻዬ ሰድጄ ስዳብስ አንድ ድንጋይ ያዝኩ። ሳወጣው ጥቁርና አብረቅራቂ ነው፤ ቅርጹ ግን የድንጋይ አይደለም። በቀጫጭኑ የተጠቀለሉ የትምባሆ ቅጠሎች ጎን ለጎን የተደረደሩ ይመስላል።

አጠገቤ የምትሠራው፣ ለአክብሮት ዶኛ የምንላት ፕሪሚቲቫ አገላብጣ አየችውና፣ «ሰይጣን የጠቀለለው ሲጋራ ነው። መልሽለት» አለችኝ።

«ሲጋራው ከጠፋበት ሌላ ይጠቅልል» አልኳት። ሳቅን። ድንጋዩን ማዘያዬ ውስጥ ከተትኩት።

ሐሙስ ዕለት ዶን ሪጎቤርቶ ላስካኖ መጡ። በኦሩሮ ከተማ ለሠላሳ ዓመት ስለ ማዕድን ያስተማሩ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም ድንጋይ የማይተዉ ሰው ናቸው። ደረታቸው የወፍ ደረት ነው፤ ሦስት እርምጃ ሄደው አንድ ጊዜ ያስላሉ። በየሐሙሱ ከአውቶቡስ ወርደው ክምሩን ይዞሩና «ለዓይናችሁ እንግዳ የሆነ ነገር አለ?» ይሉናል።

ድንጋዩን ሳሳያቸው ከእጄ ተቀበሉኝ። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጡና ከኪሳቸው ወረቀት አውጥተው አሰመሩበት። እንደ እርሳስ ጥቁር መስመር ጣለ። በመዳብ ሳንቲም ጫፍ ጫሩት፤ ተጫረ። በቢላ አናቱን ጫን ሲሉት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በልጣጭ ተከፈተ።

«ይኼ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ ልጄ?»

«ማዕድን የሚገዛን ነጋዴ እርሳስ ነው ብሎኛል።»

«እርሳስማ አለበት። ቆርቆሮም አለበት፤ ብረትም ጥቂት። ደግሞ ያ ሴቶች የሚኳሉት አንቲሞኒ አለ። ሁሉንም ያስተሳሰራቸው ድኝ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከድኝ ጋር ብቻ ቢጋባ ተራ ማዕድን ነበር፤ በየተራራው ይገኛል። አንቲሞኒ ሦስተኛ ሆኖ ሲገባ ግን ወገኑ ይለወጣል፤ የድኝ ጨው እንለዋለን። እንዲህ ተጠቅልሎ የሚያድገው ሲሊንድራይት ይባላል። በዓለም ላይ ከእኛ ተራሮች ውጭ እምብዛም አይገኝም።»

«እንግዲያው ታወቀ።»

«አልታወቀም» አሉ። «የሲሊንድራይት ጥቅል ክብ ነው። የዚህን ጠርዝ እዪው፤ ተዘርግቶ እንደ ዘመዱ እንደ ፍራንኪያይት ቅጠል ሆኗል። ከሁለቱም ላይሆን ይችላል። ስም ያልወጣለት ሊሆን ይችላል። በቦታው ሳላየው፣ ከማን ጋር እንደጎረበተ ሳላውቅ አልናገርም። ከየት አወጣሽው?»

ምነው ምላሴን በቆረጠው! ቀዳዳውን አሳየኋቸው።

ወንዶቹ ሁሉ ከተራራው ማዶ ባለው ዋሻ ውስጥ ነበሩ። «እስኪወጡ ይጠብቁ» ብዬ ለመንኳቸው። «እነሱማ በድማሚት አፍርሰው ለእርሳስ ይሸጡታል» አሉና ፋኖሳቸውን ለኮሱ፤ ያን በካርባይድ የሚነድ የድሮ ፋኖስ። ኮታቸውን አውልቀው በደረታቸው ተስበው ገቡ። ሳላቸው ከውስጥ ሲያስተጋባ ሰማሁት። እየራቀ ሄደ፤ ከዚያ ጠፋ።

ዶኛ ፕሪሚቲቫ ቀሚሴን ያዘችኝ። «የት ልትሄጂ ነው? አብደሻል?»

«መንገዱን ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። እዚያ ቢቀሩ በማን አንገት ነው?»

«በራሳቸው አንገት!»

ለጉልበት ብዬ የማኝከውን የኮካ ቅጠል ከጉንጬ ተፍቼ ቀዳዳው አፍ ላይ አስቀመጥኩ። ሌላ የምሰጠው አልነበረኝም። «ቲዮ፣ ሰው ልመልስ ነው እንጂ የአንተን ልወስድ አይደለም» አልኩ። ገባሁ።

መጀመሪያ ያስፈራኝ ጨለማው አይደለም፤ ሙቀቱ ነው። ደጅ ነፋሱ ከንፈር ይሰነጥቃል፤ ውስጡ ግን የሰው አፍ ውስጥ እንደመግባት ነው። ጣራው ጀርባዬን ይነካኛል። በክርኔ እየተሳብኩ ሃያ ክንድ ያህል ሄድኩ። አንድ ጊዜ ቀሚሴ ድንጋይ ላይ ተያዘና አንድ ነገር ከኋላ የያዘኝ መሰለኝ። ጮኼ ነበር፤ ድምፄ ግን አልወጣም።

ከዚያ ዋሻው ሰፋ፤ ወደ ታችም አዘቀዘቀ። ዶን ሪጎቤርቶ ከታች ከግድግዳው ሥር ተንበርክከዋል።

«ነይ፣ ነይ እዪ!» አሉኝ።

አየሁ። ግድግዳው ሙሉ ጥቅል ጥቅል ነበር፤ ጥቁር፣ እንደ ዘይት የሚያብለጨልጭ፣ አንዳንዱ ጣት የሚያህል፣ አንዳንዱ እንደ መርፌ የቀጠነ። ለአፍታ ፍርሃቴን ረሳሁት። እሳቸው በትንሽ መሮ አንዱን እየፈለቀቁ፣ «ከዚህ ክብ ነው፣ ከዚህ ተዘርግቷል፣ አየሽ፣ ከዚህ ክብ ነው…» ይላሉ። ያንኑ ይደጋግማሉ። ቀና ብዬ ፊታቸውን ሳይ ይስቃሉ። የሚያስቅ ነገር አልነበረም።

«እንውጣ ዶን ሪጎቤርቶ።»

«ትንሽ ልቀመጥ» አሉና ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። መሮው ከእጃቸው ወደቀ።

ፋኖሱን አየሁት። ነበልባሉ የጣት ቁመት የነበረው የጥፍር ቁመት ሆኗል፤ ቀልቷል። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። አባቴን ሲያወጡት ቁስል አልነበረበትም። ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጦ፣ እንደተኛ ሰው ነው ያገኙት። ናዳ አልነካው፣ ውሃ አልወሰደው። ሰዎች ቲዮ ትንፋሹን ጠጣው አሉን። ድሮ ከደጅ ሆኜ የሰማሁት ይኸው ከፊቴ ተቀምጧል፤ ያው አቀማመጥ፣ ያው ዋሻ። አየሩ ሞቶ ነበር፤ እሳትም ሰውም የሚተነፍሰው አልቀረበትም።

ፋኖሱ ጠፋ።

እንዲህ ያለ ጨለማ አይቼ አላውቅም። ዓይኔን ብገልጥ ብከድን አንድ ሆነ። አንድ ነገር ሲተነፍስ ሰማሁ፤ ከባድ፣ ፈጣን። ቲዮ ነው አልኩ። ሮጬ ልወጣ ፈለግሁ፤ አልዋሻችሁም፣ ሽማግሌውን ትቼ ሁለት እርምጃ ሄጃለሁ። ትንፋሹም አብሮኝ ሄደ። ስቆም ቆመ። ያን ጊዜ የራሴ መሆኑን አወቅሁ።

ተመለስኩ። በዳሰሳ አገኘኋቸው። ማዘያዬን ፈትቼ በብብታቸው ሥር አሳልፌ ቋጠርኩና ወደ ላይ ጎተትኩ። ሽቅብ ነው። ራሴን በመዶሻ የሚቀጠቅጡኝ ይመስለኛል። ጥቂት እጎትታለሁ፣ እወድቃለሁ፣ ደግሞ እጎትታለሁ። መቀመጥ ማር ሆኖ ታየኝ። ትንሽ ልረፍ ብል ማንም የሚቆጣኝ የለም። «ካሲሚራ፣ ከተቀመጥሽ አትነሺም» እያልኩ ጮክ ብዬ ራሴን ተሳደብኩ። እናቴ የምትሰድበኝን ስድብ ሁሉ ነው የደገምኩት።

ጠባቡ ጋ ስንደርስ ትከሻቸው ተያዘ። ብጎትት እምቢ። የማዘያዬን ጫፍ ጥርሴ ላይ ነክሼ ወደ ፊት ተሳብኩና በቀረኝ ትንፋሽ «ፕሪሚቲቫ!» አልኩ። እንደ ድመት ነው የወጣው። ግን ሰማችኝ። ያቺ ስድሳ ዓመቷን ያለፈች፣ በሕይወቷ የዋሻ ደፍ ረግጣ የማታውቅ ሴት ሆዷ ድረስ ገብታ እጄን ያዘችኝ። ከኋላዋ ሌሎቹ ሴቶች እግሯን ይዘው ጎተቷት። እኔ ወጣሁ፤ ከዚያ በማዘያው ሁላችንም ጎተትንና ሽማግሌው ልብሳቸው ተቀዶ፣ ትከሻቸው ተገሽልጦ ወጡ። ፊታቸው አመድ ነበር። ፕሪሚቲቫ በጥፊ መታቻቸው፤ ሁለቴ፣ ሦስቴ። በሦስተኛው ሳሉ።

የተፈለቀቀው ድንጋይ እዚያው ቀረ።

ፍርሃቱ ግን ከእኛ ጋር ወጣ። ያን ሳምንት ወንዶቹ ስብሰባ ጠሩ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጉሜርሲንዶ ቻምቢ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ «ሴት ገብታለች፣ በነሐሴ ገብታለች። ነገ ጣራ ቢወርድብን ደማችን በማን ነው? ትሂድልን» አለ። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። እነሱም እንደኔ ፈርተዋል፤ ይገባኛል፣ ውስጥ የሚውሉት እነሱ ናቸው። ከዚህ ክምር ወዴት ነው የምሄደው?

ዶኛ ፕሪሚቲቫ ተነሳች። «እኔም እስከ ሆዴ ገብቻለሁ። ግማሼን ነው የምታባርሩት ወይስ ሙሉዬን?» አለች። አንዱ ሳቀ። «ማዕድኑ ከሸሸም የሸሸበትን ንገሩኝና ሄጄ ልልቀመው። ሰው አወጣች እንጂ ማዕድን አላወጣች። አንተ ጉሜርሲንዶ፣ አንተ ብትቀር ይህች ልጅ ትጎትትህ ነበር፤ አሁን ግን እንጃላት።»

ረጅም ጊዜ ተከራከሩ። በመጨረሻ ቀዳዳው በድንጋይ እንዲደፈን፣ የተራራችን ሱፋም የጭነት እንስሳ፣ ነጭ ላማ፣ እንዲታረድ፣ እኔም ለአንድ ወር ክምሩ አጠገብ እንዳልደርስ ወሰኑ። የላማው ደም ቀዳዳው ላይ ሲረጭ ከሩቅ ቆሜ አየሁ። ወር ሙሉ በር መዝጋት አልቻልኩም፤ ነፋሱ ቤቱን ሲሞላው ብቻ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ።

ወሩ ሲያልቅ ኦሩሮ ሄጄ ዶን ሪጎቤርቶን ጠየቅኋቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ አንዳንድ ስም ይጠፋባቸዋል፤ ማንኪያውን «ያ… ያ» ብለው በጣታቸው ያሳዩኛል። መጀመሪያ የሰጠኋቸውን ድንጋይ ግን በማጉያ መሣሪያ አስመርምረውታል።

«ሲሊንድራይት ነው» አሉኝ። «ከመቶ ዓመት በላይ የታወቀ። ጠርዙ የተዘረጋው ተጨፍልቆ ነው። አዲስ አይደለም።»

«ታዲያ ለዚህ ነው ልንሞት የነበረው?»

ድንጋዩን በጨርቅ ጠቀለሉት። ከዚያ፣ «ካሲሚራ፣ ነበልባሉ ሲያንስ አይቼዋለሁ» አሉ። «ገና ሳትመጪ አይቼዋለሁ። ምን ማለት እንደሆነ ሠላሳ ዓመት አስተምሬዋለሁ። አንድ ደቂቃ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ አልኩ። አንቺ ስትመጪም ተመለሺ አላልኩሽም። ነይ እዪ አልኩሽ።»

እዚያ ጨለማ ውስጥ እንኳ እንዲያ አልፈራሁም። አየር አያይም፣ አያስብም፤ እኚህ ሰው ግን አይተዋል። የያዝኩትን የደረቀ የላማ ሥጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ሳልሰናበት ወጣሁ።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን ፈለጣ ላይ እያለን ፕሪሚቲቫ በክርኗ ነካችኝ። ዶን ሪጎቤርቶ ከመንገዱ ዳር ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል፤ ሳልጠራቸው ለመቅረብ አልደፈሩም። መዶሻውን አስቀመጥኩት።

«ክምሩ ያውልዎት» አልኳቸው ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ከላይ ያለውን ይፈልጉ። ጉድጓድ ግን አልጠቁምዎትም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። በቀስታ መጥተው ከእኔ ራቅ ብለው ከክምሩ ጫፍ ተቀመጡና ድንጋይ ያነሱ ጀመር።