የግራ ክንድ

ባለቤቴ ሸሚዙን የሚቆልፈው በቀኝ እጁ ብቻ ነበር። ግራ ክንዱ ከትከሻው በላይ አይነሳም። ሲወለድ በእግሩ ስለመጣ፣ ቤት ውስጥ ያዋለዱት ሴቶች ጎትተው ሲያወጡት የተጎዳ ነው። እናቱ ግን ይህን ታሪክ በኩራት ነበር የሚያወሩት። «ተገልብጦ መጣ፣ እኔም ወለድኩት። ሐኪም የሚባል ደጃፌን አልረገጠም» ይላሉ። እሱ ይስቃል። ብርድ ሲሆን ክንዱን እንደሚያመው ለእሳቸው እንዳልነግር አስምሎኝ ነበር።

የእኔም ልጅ በእግሩ መጣ።

ምጥ ሲጀምረኝ ወደ ሆስፒታል የወሰዱኝ አማቴ ናቸው። በከተማው ሌላ ሆስፒታል የለም። በግቢው በር ገባን። ባለቤቴ ትርፍ አንጀቱን ሊያስወጣ የገባው በዚሁ በር ነው፤ ማደንዘዣ ተሰጥቶት ሳይነቃ ቀረ። መፀነሴን የነገርኩት በዚያው ሳምንት ነበር።

የማዋለጃው ክፍል ከኮሪደሩ መሃል፣ የቀዶ ጥገናው ክፍል ደግሞ ከመጨረሻው ላይ ነው። በሩ ከአልጋዬ ይታየኛል፤ ሁለት ተካፋች ያለው፣ ባለጎማ አልጋ እየገጨው ከታች ቀለሙ የተላጠ በር። አማቴ ወንበራቸውን አዙረው ጀርባቸውን ሰጡት።

አዋላጇ ደንዳና፣ ጨዋታ አዋቂ ሴት ነበረች። መርምራኝ ስታበቃ እጇን እየታጠበች፣ «ይሄ ልጅ ደግሞ ገና ሳይወለድ እግሬን ልዘርጋ ብሏል» አለች።

በቀጣዩ አልጋ የምታምጠው ሴትዮ በምጧ መሃል ሳቀች። «የእኔስ ባል! ውጭ ቆሞ ከእኔ በላይ ይጮሃል እኮ።»

«ግባ በይው፤ ባዶ አልጋ አለን።»

እኔም ፈገግ አልኩ። ውጭ የሚጮህልኝ ሰው አልነበረም።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ድካም ዐይኑን አቅልቶታል። ከአልጋዬ አጠገብ ቆሞ ረጋ ብሎ አስረዳኝ። «አንድ እግሩ ቀድሞ ወርዷል። የመጀመሪያሽ ነው፣ ልጁም ትልቅ ነው። አምጠሽ መውለድ አትችዪም አልልሽም። ግን ገላው ወጥቶ ጭንቅላቱ ከተያዘብን የሚኖረን ጊዜ በጣም ትንሽ ነው። እኔን ከጠየቅሽኝ በቀዶ ጥገና እናውጣው። የልብ ምቱ አሁን ደህና ነው፤ ሲደክም ተሯሩጠን ከምንገባ አሁን ብንገባ ይሻላል።»

«አምጬ እወልዳለሁ» አልኩት።

«እንዴታ!» አሉ አማቴ። «አባቱም እንዲሁ ነው የመጣው። ወልጄው የለም እንዴ? እሷ ከእኔ ምን ያንሳታል?»

«እርስዎ ዕድለኛ ነዎት፣ እማማ» አላቸው ሐኪሙ።

«ዕድለኛ?» አሉ። ወለሉን አዩ። «ዕድለኛስ አይደለሁም።»

የልጁን ልብስ የያዘው ቦርሳ ጭናቸው ላይ ነበር። ማንገቻውን ጣታቸው ላይ እየጠመጠሙ ከጀርባቸው ወዳለው የቀዶ ጥገና በር ገልመጥ አሉ። እሳቸውም የሚፈሩት ያንን በር መሆኑ ያኔ ገባኝ። እኔም አምጬ እወልዳለሁ ያልኩት ጎበዝ ሆኜ አይደለም።

ምጡ መጣ፤ የአልጋውን ብረት ይዤ አሳለፍኩት። ሲለቀኝ ሐኪሙን፣ «ጎትታችሁ ብታወጡት ክንዱ ምን ይሆናል?» አልኩት።

ጥያቄውን ያልጠበቀው መሰለኝ። «ብዙ ጊዜ ደህና ነው። አንዳንዴ ግን ከአንገቱ ወደ ክንዱ የሚሄደው ነርቭ ይጎዳል። ያኔ ክንዱ...»

«አውቀዋለሁ።»

አማቴ ቀና አሉ። ወደ እኔ ዞሩ።

«ያመው ነበር?» አሉ።

መሐላው ትዝ አለኝ። ያስማለኝ ሰው ግን የለም።

«ብርድ ሲሆን» አልኩ።

የሻርፓቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ሐኪሙ አዞሩ። «አንተ፣ እንዳታስተኛት። የፈለግኸውን አድርግ፤ እንዳታስተኛት ብቻ።»

«ከወገቧ በታች ብቻ ነው የሚደነዝዘው፣ እማማ። ነቅታ ነው የምትወልደው።»

«አፋችሁስ ጥሩ ነው የሁላችሁም» አሉት።

ሁሉም እኔን አዩኝ። የልብ ምቱን የሚያሰማው መሣሪያ ድው ድው ይላል።

«እገባለሁ» አልኩ።

ባለጎማው አልጋ በሩን ገጭቶ ከፈተው። ወገቤን ወጉኝ፤ እግሮቼ የሌላ ሰው እግር መሰሉኝ። በላዬ ትልቅ ክብ መብራት ተንጠልጥሏል። ባለቤቴም በመጨረሻ ያየው ይህንኑ መሆን አለበት። ዐይኔን አልጨፈንኩም። ከመጋረጃው ወዲያ ሕመም የሌለው መጎተት ተሰማኝ፣ ከዚያም ቀጭን፣ የተቆጣ ለቅሶ።

«ሴት ናት!» አለች አዋላጇ።

«እጇስ?»

«ምን አልሽ?»

«ግራ እጇ።»

«ሁለቱንም እያወናጨፈች ነው፤ በጥፊ ልትለኝ ነው እንጂ!»

መብራቱን እያየሁ ነበር። እንባዬ ወደ ጆሮዬ ወረደ፤ የሚጠርግልኝ እጅ ስላልነበረ እዚያው ደረቀ።

አማቴ ከበሩ ፊት አልተገኙም። አዋላጇ ፈልጋ ፈልጋ ያገኘቻቸው ከግቢው ውጭ ነው፤ ቦርሳውን እንዳቀፉ አጥሩን ተደግፈው ቆመው ነበር።

አልጋዬ አጠገብ ሲደርሱ እንኳን ደስ አለሽ አላሉኝም። ጨርቁን ገለጥ አድርገው የልጅቷን ግራ ክንድ በሁለት ጣታቸው ያዙና ቀስ ብለው ወደ ላይ አነሱት። ለቀቁት። እንደገና አነሱት። ልጅቷ ተነጫነጨች።

«ቆይ፣ ትንሽ ልይ» አሉ። ለእኔ ይሁን ለእሷ አላወቅሁም።

እያነሱ እያወረዱ ቆዩ።