ገርበብ ያለው በር

እናት ክሩንና መርፌውን ከልጇ እጅ ቀማች።

"ተይ እማዬ፣ እኔ እችላለሁ።"

"አይቼሻለሁ ስትችይ! ቀዳዳው እዚህ፣ ክሩ እዚያ።"

ልጅቷ ቀኝ እጇን በግራዋ አፍና ያዘችው። መንቀጥቀጡ ግን አልቆመም። ዓይኗን ጨፍና ቁልፍ ትተክላለች እየተባለ ሰፈሩ የሚያወራላት ልብስ ሰፊ፣ ዛሬ እጇ የስፌት መኪና ሥር እንደገባ ጨርቅ ይርገፈገፋል። ጠዋት የበላችውንም መልሳዋለች።

በእናት ልብ ሁለት ሐሳብ ተከታትሎ መጣ። የመጀመሪያው "ልጄ ልትሞትብኝ ነው" የሚል ነው፤ ይኼኛው በየቀኑ ስለሚመጣ ታውቀዋለች። ሁለተኛው ግን አሳፈራት። "እሰይ፣ ሲስተር ተሳሳተች!"

ሲስተር የአእምሮ ሕክምና ክሊኒኩ ነርስ ናት። አምና ልጅቷ እንቅልፍ አጥታ፣ የደንበኞችን ያለቀ ልብስ ሁሉ "አሳምሬ ልሥራው" ብላ ስትተረትር፣ ከዚያም ለወራት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስትተኛ፣ የሕመሙን ስም የነገረቻቸው እሷ ናት። ባይፖላር። "ስሜቷን አንዴ ከልክ በላይ ሽቅብ ያወጣዋል፣ አንዴ ደግሞ ቁልቁል ይጥለዋል፤ ሊቲየም በሚባለው ክኒንና በክትትል ግን ሠርታ ትኖራለች" አለች። እንዳለችውም ሆነ።

እናትን ያንገበገባት ይኸው ነው። በሆዷ ተሸክማ፣ ጡት አጥብታ ያሳደገቻት እሷ፤ ልጅቷ የምትሰማው ግን ሲስተርን። "ሲስተር በጊዜ ተኚ ብላኛለች።" "ሲስተር የሳቅሽ ቀን ሁሉ ታመምሽ ማለት አይደለም ብላኛለች።" ቤት ውስጥ አንድ ቃል በመከራ የሚወጣት ልጅ፣ የሲስተር በር ሲዘጋ ትስቃለች። እናት ወደ ኮሪደሩ ስትወጣ በሩን ሆን ብላ ገርበብ ታደርገዋለች። ሲስተር ሁልጊዜ ትነሣና ቀስ አድርጋ ትዘጋዋለች። ያ ቀጭ የሚል ድምፅ ለእናት ጥፊ ነው።

ዛሬ ግን ልጇን ጎትታ፣ በሩን በርግዳ ገባች።

"ነይ፣ መድኃኒትሽ ያደረጋትን እዪ! አሳዪያት እጅሽን፣ ሚጣ።"

"እማዬ፣ ሰው ይሰማል።"

"ይስማ!"

ሲስተር የልጅቷን እጅ ዘርግታ አየች፤ ፊቷ ተለወጠ።

"መቼ ጀመረሽ?"

"ከሰሞኑ ነው። ዛሬ ግን ባሰብኝ።"

"ሌላ ክኒን ወስደሻል? የራስ ምታት ማስታገሻ እንኳ?"

"ምንም።"

"ውኃ?"

"እጠጣለሁ።"

"ጨውስ ቀንሰሻል? የመጀመሪያ ቀን ነግሬያችሁ ነበር፤ ጨው በድንገት ሲቀንስ ሊቲየሙ ከሰውነት እንደ ልብ አይወጣም፣ ደም ውስጥ ይጠራቀማል።"

"ኧረ አልቀነስኩም። ምግብ ግን አይጥመኝም። ምላሴ የሞተ ይመስለኛል።"

እናት ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። በዚያ የመጀመሪያ ቀን እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ሲስተር ስታስረዳ እሷ የምታየው ልጇ ወደ ሲስተር እንዴት እንዳዘነበለች ነበር። ስለ ጨው አንዲት ቃል አልሰማችም። ከሰሞኑ ደግሞ የራሷ ደም ግፊት ጨምሮ ጨው ተከለከለች፤ ሁለት ድስት መጣድ ታክቷት ለሁለቱም ያለ ጨው ማብሰል ጀመረች፤ እንዳይታወቅባት ሎሚና ነጭ ሽንኩርት እያበዛች። ዝም ያለችውም አውቃ ነው። ልጅቷ ከሰማች ለሲስተር ትነግራለች፤ ሲስተር ደግሞ ድስቴ ላይ ልታዝዝ ነው ብላ።

"እንግዲህ መጠኑ በዝቶባት ይሆናል" አለች ሲስተር፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። "ወይም መድኃኒቱ አልተስማማትም። ሳላየው ያለፈኝ ነገር አለ። ለዶክተሩ ልደውል፤ ደሟ ይታይ፤ መድኃኒቱም ይቀየር ይሆናል።"

ይህን ቃል ለመስማት እናት ስንት ጊዜ ኮሪደሩን ተመላልሳለች! ጥፋቱ የሲስተር ሆነ፤ ያውም ከራሷ አፍ ወጣ። መድኃኒቱ ይቀየራል ሲባል ግን ለእናት የታያት የተተረተረው ልብስ ክምር ነው። ከዚያም ግድግዳው።

"ጨው የለም" አለች።

"ምን አሉኝ?"

"ቤታችን ውስጥ ጨው የለም። እኔ ነኝ ያስቀረሁት፣ ለግፊቴ። እሷ አታውቅም።"

ልጅቷ ወደ እናቷ ዞረች። "እማዬ! ሎሚ በሎሚ ያደረግሽኝ ለዚህ ነው? እኔ እኮ ምላሴን ላስመረምር ነበር!"

እናት አንገቷን ደፍታ ቁጣውን ጠበቀች። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ሲስተር ግን ትከሻዋን ነካ አድርጋ፣ "እንኳን ነገሩን እናቴ" አለች። "ይህን ባናውቅ ኖሮ በእግሯ ያቆማትን መድኃኒት በከንቱ ጥለነው ነበር።"

ወዲያው ዶክተሩ ተጠራ። ደም ተወሰደ፤ ውጤቱ እስኪታወቅ ክኒኑ እንዳይዋጥ ተባለ፤ ልጅቷ አልጋ ላይ ወጥታ ጨው ያለበት ጉሉኮስ ተሰቀለላት።

"ከእንግዲህ ለርስዎ የብቻዎ፣ ለሷ ደግሞ እንደ ወትሮው" አለች ሲስተር።

"ሁለት ድስት?"

"ሁለት ድስት።"

"ድሮም ድስቴ ላይ ታዝዣለሽ ብያለሁ" ብላ እናት አጉረመረመች። ልጅቷ ሳቀች፤ በሩ ሳይዘጋ።

ትንሽ ቆይታ ልጅቷ፣ "ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር..." ብላ ጀመረችና እናቷን አየት አደረገች።

ምን ይሆን? አለች እናት በልቧ። ክፉ ነገር ነው፤ ክፉ ባይሆን ከእናት ይደበቃል? ቦርሳዋን አነሣች።

"ወዴት ነው እማዬ?"

"እዚሁ ነኝ፣ ኮሪደሩ ላይ።"

ወጣች። እጇ እንደ ልማዱ በሩን ገርበብ አድርጎ ተወው። ሲስተር ልትዘጋው ከወንበሯ ስትነሣ በክፍተቱ አየቻት።

"ተቀመጪ ልጄ" አለቻት እናት፤ በሩንም ራሷ ሳበችው። ቀጭ አለ።